አንድ ቀን፣ ብዙ ታሪክ፤ ስለ ሚያዝያ 27



በትምህርት ቤታችን የተማሪዎችን መዝገብ ገልጦ ያየ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያገኛል። ከልጆቻችን ከግማሽ የሚበልጡት የተወለዱት በአንድ ቀን ነው፤ እርሱም ጃንዩወሪ 1 ነው። ዓመቱ ይለያያል እንጂ ወሩና ቀኑ አይለወጥም። በቅርቡ አንዲት እናት ሦስት ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው፣ ሦስቱም በወረቀት ላይ የአንድ ቀን ልጆች ሆነው ብናገኛቸው ምክንያቱን ጠየቅናቸው። እሳቸውም፣ «የመጀመሪያው የመስቀል ማግሥት ነው። ሁለተኛዋ የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ይህች ትንሿ እዚሁ መጠለያ ውስጥ፣ ጎርፉ ድንኳኑን የወሰደው ለታ ናት። መዝጋቢው ቀኑን በፈረንጅ ንገሪኝ ቢለኝ ዝም አልሁ፤ እሱም ሦስቱንም በአንድ ቀን ወለደልኝ» አሉን። እኛም ሣቅን፤ እሳቸውም ሣቁ። ኋላ ግን ሣቁ አልጣመንም።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። የልደቱ ቀን ቢሳሳት ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ያድጋል። ነገር ግን ቀኑን የተነጠቀ ሰው ከቀኑ ጋር ሌላም ነገር ይነጠቃል። የተወለደበትን ክረምት ወይም በጋ፣ የእናቱን ምጥ፣ እልል ያሉለትን ጎረቤቶች፣ አገሩ በዚያን ጊዜ የነበረችበትን ሁኔታ አብሮ ይነጠቃል። ታሪክ የምናስተምር ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባናል፤ የታሪክ ሥራ ግማሹ ቀንን ይዞ መቆየት ነውና። ስለዚህ በዚህ እትም አንድ ቀን ብቻ መርጠን በዚያ ቀን ምን ምን እንደ ተደረገ፣ ቀኑን እነማን እንደ ያዙት፣ እነማንስ እንዳዛወሩት ልንተርክላችሁ ፈለግን። የመረጥነውም ቀን ሚያዝያ 27 ነው።

አስቀድሞ ስለ ቀን አቈጣጠሩ ጥቂት እንበል። የኛ ዓመት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮችና አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን አሉት። ሚያዝያ 27 በአሁኑ የፈረንጅ አቈጣጠር ሜይ 5 ላይ ይውላል። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። እኛ በየአራት ዓመቱ ሳናጓድል ጳጉሜን ስድስት እናደርጋለን። በፈረንጆቹ ሕግ ግን ለመቶ የሚካፈል ዓመት ለአራት መቶም ካልተካፈለ በቀር ተጨማሪ ቀን የለውም። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1900 እነሱ አንድ ቀን ሲተዉ እኛ አልተውንምና ሁለቱ አቈጣጠሮች በአንድ ቀን ተራራቁ። የዓድዋን ድል ለምሳሌ ብንወስድ ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ በዘመናችን ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። እንግዲህ ከዚህ በታች ከምናነሣቸው ነገሮች የ19ኛው መቶ ዓመት የሆኑት በፈረንጅ ሜይ 5 ቢባሉም በኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 28 ነበሩ ማለት ነው። ከ2092 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሚያዝያ 27 ወደ ሜይ 6 ይሻገራል። «ቀኑ ይህ ነው» የሚለንን ሰው «በማን አቈጣጠር?» ብለን ብንጠይቀው ነውር የለበትም።

ወር በገባ በ27ኛው ቀን መድኃኔ ዓለም ነው፤ የክርስትና እምነት ተከታይ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያዝያው 27 ግን ወደ አገራችን ታሪክ የገባው በሐዘን ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ። በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ እየታገዘም ወደ መሐል አገር ገፋ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተደረገው ጦርነት በሽንፈት ካለቀ በኋላ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በዚያም ብርቱ ክርክር ተነሣ። ንጉሥ አገሩን ትቶ ይውጣን ወይስ እዚያው እየተዋጋ ይሙት? ከመኳንንቱ አብዛኞቹ ወደ ጄኔቭ ሄደው ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ይበሉ የሚለውን ሐሳብ ሲደግፉ፣ እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉት ግን መውጣታቸውን አጥብቀው ተቃወሙ።

ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማይቱ ያለ ጠባቂ ቀርታ በዝርፊያና በቃጠሎ ቀናት አለፉባት። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊቱን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዕለት ማታ ሙሶሊኒ ሮማ ላይ በሰገነቱ ቆሞ ጦርነቱ እንዳለቀ፣ ኢትዮጵያም የኢጣሊያ እንደ ሆነች ለሕዝቡ አስታወቀ። ለሱ ያ ቀን የተዘጋ መዝገብ ነበር። እንደሱ አሳብ ከሆነ ሚያዝያ 27 ለዘለዓለም የኢጣሊያ በዓል፣ የኛም የባርነት መታሰቢያ ሆኖ መቅረት ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የመጡት አምስት ዓመታት ለሁለት ዓይነት ሰዎች በሁለት ዓይነት መንገድ አለፉ። የቀሩት በዱር በገደሉ ተዋጉ። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ በደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ፣ ከሴቶችም እነ ሸዋረገድ ገድሌ ስማቸው ይነሣል፤ ስማቸው የማይነሣው ግን እጅግ ይበዛሉ። በከተማም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ሁላችንም ከአባቶቻችን ሰምተናል።

ሌሎቹ ተሰደዱ። ንጉሠ ነገሥቱ በኢየሩሳሌም በኩል ወደ አውሮፓ አልፈው ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተቀመጡ። ተራው ሰው ግን ባዝን አላየም። አንዳንዱ ወደ ጅቡቲ፣ አንዳንዱ ወደ ሱዳን፣ አንዳንዱ ወደ ኢየሩሳሌም፣ አንዳንዱም ወደዚሁ ወደ ኬንያ ምድር ነው የመጣው። በደቡብ የነበረው ጦር ሲሸነፍ ወታደሮቹ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ድንበሩን ተሻገሩ፤ እንግሊዞችም በኢሲዮሎ መጠለያ ሠርተው አሰፈሯቸው። በኋላም ወደ ታቬታ አዛወሯቸው። ከነሱም ጋር ከኢጣሊያ ጦር ከድተው የመጡ ኤርትራውያን ወታደሮች ነበሩ። እኛ ዛሬ በዚህ አቧራ ላይ ተቀምጠን የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች የሆንን መስሎ ይሰማናል። አይደለንም። ከኛ በፊት በዚሁ አገር ሰማይ ሥር ቀን የቈጠሩ፣ «ዛሬ እኮ ሚያዝያ 27 ነው» ሲባሉ ያ ማክሰኞ ትዝ የሚላቸው ወገኖች ነበሩን።

ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1940 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ካርቱም መጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን መሬት ረገጡ። ከሱዳን ወገን ወደ ጎጃም የገባውን ጦር ይመራ የነበረው ዊንጌት የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን ነው። በዚህ ጦር ውስጥ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ይባል የነበረው ክፍል የተመለመለው በኬንያ ከነበሩት ስደተኞች ነበር። ይህን ልብ በሉልን። በመጠለያ ውስጥ ቀለብ እየተሰፈረላቸው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በየካቲት መጨረሻ ከቡሬ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በጨረቃ ወንዝ አጠገብ፣ ከነሱ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ያፈገፍግ የነበረ የኢጣሊያ ጦር ድንገት ደረሰባቸው፤ ተዋጉ፣ ብዙዎቹም በዚያ ወደቁ። የአንዳቸውም የልደት ቀን በየትኛውም መዝገብ ላይ በትክክል ተጽፎ እንደ ሆነ እንጠራጠራለን።

በሌላ በኩል ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር በሶማሊያና በሐረር በኩል አልፎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚህ ጦር ውስጥ ደቡብ አፍሪካውያን፣ ናይጄሪያውያንና የዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ነበሩበት። በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገብተው ነበር። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ አንድ ወር የሚፈጅ አልነበረም፤ እንግሊዞች ግን በከተማይቱ ስለሚኖሩት ኢጣሊያውያን ሰግተናል በማለት ጉዟቸውን አዘገዩት። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ በፍቼ በኩል መጥተው በእንጦጦ አድርገው ወደ ከተማይቱ ወረዱ። ዊንጌት በፈረስ ተቀምጦ ከፊት ይመራ ነበር፤ የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በመንገዱ ላይ ተሰልፈው ተቀበሏቸው። ቀኑ ሰኞ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር። ባዶሊዮ ከገባ ልክ አምስት ዓመት። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያ ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ እጁን በሰጠው ጠላት ላይ ግፍ እንዳይሠራ አደራ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሣ። ጦርነቱ በዚያ ቀን አላለቀም። ኢጣሊያውያን በአምባ አላጌ የተማረኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ጎንደርም የተለቀቀችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከጠላት እጅ ከወጣች አንድ ወር ሆኗት ነበር። ታዲያ ሚያዝያ 27 የድል ቀን የሆነው ስለ ምንድን ነው? መልሱ ግልጽ ይመስለናል። ጠላት የራሱ ያደረገውን ቀን መልሶ ለመውሰድ ነው። ያው ከተማ፣ ያው ቀን፣ ግን የሚገባው ሰው ሌላ። ሐዘኑ ከቀኑ አልተፋቀም፤ ድሉ በላዩ ተጻፈበት እንጂ።

ይሁን እንጂ ቀኑን ያከበሩት ሁሉ እኩል ደስ አላቸው ማለት አይደለም። አምስት ዓመት በዱር የቈዩት አርበኞች አንዳንዶቹ፣ «ቀኑ የስደተኛው ሆነ፤ የኛስ ቀን የታለ?» ብለው ያዘኑ ነበሩ። በላይ ዘለቀም በ1937 ዓ.ም. በዚያው በነፃው መንግሥት በስቅላት ተቀጣ። የቀረና የተሰደደ እርስ በርሱ መጠያየቁ ዛሬ የተጀመረ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በመጠለያችን በየምሽቱ «አንተ መቼ ወጣህ? እነ እገሌ እስከ መጨረሻው ቀርተው» እየተባባልን የምንቋሰለውን እያሰብን ነው ይህን የምንጽፈው። በ1933ቱ ሚያዝያ 27 በእንጦጦ መንገድ ላይ የተገናኙት የቀረውና የተሰደደው ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው ቀኑን ሊያመጣው አይችልም ነበር።

ቀኑ ግን የኛ ብቻ አይደለም። ሜይ 5 ቀን 1862 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አገር ፑዌብላ በምትባል ከተማ በጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ የሚመራ ጦር፣ በዘመኑ ከዓለም አንደኛ ይባል የነበረውን የፈረንሳይ ጦር አሸነፈ። ፈረንሳዮች በማግሥቱ ዓመት ተመልሰው ፑዌብላንም ዋና ከተማውንም ያዙ፤ ማክሲሚሊያን የተባለ የኦስትሪያ መስፍን አምጥተውም አነገሡ። አገዛዙ ግን ብዙ አልቈየም፤ እ.ኤ.አ. በ1867 ፈርሶ ሪፑብሊኩ ተመለሰ። ሜክሲኮዎች እስከ ዛሬ የፑዌብላን ቀን ያስባሉ። ብዙ ያልቈየ ድል ነበረ፤ ሆኖም አልጣሉትም። እንግዲህ ይህች የራሷን ሜይ 5 የምታስታውስ አገር ናት፣ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን የኔ አደረግኋት ስትል ብዙ መንግሥታት ዝም ሲሉ ወይም እሺ ሲሉ፣ እሺ አልልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ የሆነችው። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ የሜክሲኮን አደባባይ ያውቃል፤ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ አለ። ታክሲ ስንሳፈር «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጠራ የነበረው ወያላ ይህን ታሪክ ያውቅ ኖሯል? እኛም ያን ጊዜ አላሰብነውም።

በዚያው ቀን ሁለት ታላላቅ ስደተኞችም ይታሰባሉ። ሜይ 5 ቀን 1821 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮን በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል በምትገኝ ሴንት ሄሌና በምትባል ደሴት ላይ በ51 ዓመቱ ሞተ። ግማሽ አውሮፓን የገዛ ሰው ከ1815 ጀምሮ በዘበኛ ተጠብቆ ኖረ፤ አጽሙ ወደ ፓሪስ የተመለሰው ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ሜይ 5 ቀን 1818 ደግሞ በጀርመን አገር ትሪየር በምትባል ከተማ ካርል ማርክስ ተወለደ። የዚህ ሰው ስም በአገራችን ያመጣውንና የወሰደውን ሁላችንም እናውቃለንና ስለ ትምህርቱ እዚህ አንከራከርም። ስለ ኑሮው ግን አንድ ነገር እንናገር። ከፓሪስ ተባረረ፣ ከብራስልስ ተባረረ፣ ከተወለደበት ከፕሩሲያ ግዛትም ተባረረ። የፕሩሲያ ዜግነቱን በ1845 እ.ኤ.አ. ትቶ ነበርና በ1849 ለንደን ሲገባ አገር የሌለው ሰው ነበር። በ1874 የእንግሊዝ ዜግነት ጠይቆ ተከለከለ። በ1883 እስኪሞት ድረስ በወረቀት ላይ የማንም ዜጋ አልነበረም። «ዜግነት» በሚለው መስመር ፊት ብዕር ይዞ ማመንታት ምን እንደ ሆነ የምናውቅ እኛ፣ ቢያንስ በዚህ ነገር እናዝንለታለን።

ማርክስን ካነሣን ዘንድ ስለ ደርግ ሳንናገር አናልፍም። በደርግ ዘመን የድል በዓል ከሚያዝያ 27 ተነሥቶ ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ። ምክንያቱ አይጠፋንም፤ መጋቢት 28 ከተማይቱ ከጠላት እጅ የወጣችበት ቀን ስትሆን፣ ሚያዝያ 27 ግን የንጉሡ መመለሻ ነበረችና ዙፋኑን ያወረደ መንግሥት የዙፋኑን ቀን ሊያከብር አልፈለገም። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የማርክስ ሐውልት ቆመ። ሐውልቱን ያቆሙት ሰዎች ከካሌንደር ያነሡት ቀን የዚያው የማርክስ የልደት ቀን መሆኑን አስተውለውት ይሆን? ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። በደርግ ዘመን የተማሩት ታላላቆቻችን በልጅነታቸው መጋቢት 28ን በሰልፍ ሲያከብሩ፣ የቤት አያቶቻቸው ግን ሚያዝያ 27ን ዝም ብለው ቡና አፍልተው ያስቡ ነበር ይሉናል። መንግሥት የሰልፉን ቀን ሊያዛውር ይችላል፤ የቡናውን ቀን ግን አላዛወረም።

ከኛ ታሪክ ጋር እጅግ የሚመሳሰለው የኔዘርላንድስ ታሪክ ነው። ጀርመኖች በሜይ 1940 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ሲወሩ ንግሥት ዊልሄልሚና ወደ እንግሊዝ ሸሹ። አገሪቱም ነፃ የወጣችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ የነፃነታቸው ቀን ሜይ 5 ቀን 1945 ነው። አምስት ዓመት፣ በእንግሊዝ አገር የቈየ ዘውድ፣ ሜይ 5፤ ከኛው ጋር አንድ ነው። ከነሱ የምንማረው ግን አከባበሩን ነው። ሜይ 4 ማታ በሁለት ሰዓት የሞቱትን ለማሰብ አገሩ በሙሉ ለሁለት ደቂቃ ዝም ይላል። ደስታው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በማግሥቱ ነው። ሐዘንንና ደስታን በአንድ ልብ ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ እንዲህ ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል። በኛ መጠለያ አንዱ በዓል ሲያደርግ ሌላው በዚያው ቀን ተዝካር ያወጣልና ይህ ሥርዓት ሊጠቅመን ይችላል።

በመጨረሻም ሜይ 5 በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ የሕፃናት ቀን ነው። ጃፓኖች በየቤታቸው ደጃፍ በዓሣ አምሳል የተሰፋ ጨርቅ በረጅም እንጨት ላይ ሰቅለው በነፋስ ያውለበልቡታል፤ ልጆቻቸው እንደዚያ ዓሣ የሚወርደውን ውኃ ሽቅብ እየዋኙ እንዲበረቱ መመኘታቸው ነው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በዓለም ሁሉ የአዋላጆች ቀን ሆኖ ይታሰባል። እነሆ ከጦርነትና ከንጉሥ ተነሥተን ወደ ሕፃንና ወደ አዋላጅ ደረስን፤ ወደ ጀመርንበትም ወደ መዝገቡ ተመለስን።

ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? ቀን በራሱ ባዶ ነው። ሚያዝያ 27ን ሙሶሊኒ በራሱ ነገር ሞላው፤ የተሰደዱትና የቀሩት መልሰው በራሳቸው ሞሉት፤ አንድ መንግሥት አነሣው፣ ሌላው መለሰው። በዚህ ሁሉ መካከል ቀኑ ያልጠፋው ያስታወሱት ስለ ነበሩ ነው። ማንም የማያስታውሰውን ቀን ግን ሌላ ሰው በፈለገው ነገር ይሞላዋል፤ ምንም ባይፈልግም እንኳ በጃንዩወሪ 1 ይሞላዋል። መዝጋቢው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም። ረጅም ሰልፍ ፊቱ ቆሟል፣ ባዶው መስመርም እንዲሞላ ታዟል። ቀናችንን ካልነገርነው የሚያውቀውን ቀን ይጽፋል።

ስለዚህ እኛ የትምህርት ቤቱ መምህራን አንድ ደብተር አዘጋጅተናል። በየሳምንቱ እሑድ ከቀትር በኋላ በትምህርት ቤቱ ዳስ እንቀመጣለን። የልጆቻችሁን፣ የራሳችሁንም የልደት ቀን ንገሩን። በፈረንጅ ማስላት የኛ ሥራ ነው፤ እናንተ የምታውቁትን ብቻ ንገሩን። በየትኛው ታቦት ቀን ነበር? ጾም ነበር ወይስ ፍስክ? ሙስሊም ወገኖቻችን፣ ከረመዳን በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከዓረፋ ስንት ቀን ይርቃል? የሂጅራ ዓመት በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ስለሚሄድ የተወለደበትን ዓመትም አብራችሁ ብትነግሩን ይረዳናል። ማሳው ታጭዶ ነበር ወይስ ገና እሸት? ማን አዋለደች? የሞቱባችሁንም ቀን አምጡ፤ በደብተሩ ጀርባ ለነሱ ገጽ ትተናል። የኛ ደብተር የመዝጋቢውን ወረቀት ይለውጣል ብለን ቃል አንገባም። ልጁ አድጎ «እኔ መቼ ተወለድሁ?» ሲል ግን መልስ ይኖረዋል።

ከላይ ያነሣናቸውን እናት ልጆች ለምሳሌ ሠርተናል። የመስቀል ማግሥት መስከረም 18 ነው፤ ዓመቱን አገናዝበን በፈረንጅ ሴፕቴምበር 28 ሆኖ አገኘነው። የፍልሰታ ጾም ሦስተኛ ቀን ነሐሴ 3 ነው፤ እርሱም ኦገስት 9 ነው። ትንሿ ግን አስቸገረችን። ጎርፉ ከወንዙ ወዲህ ያሉትን ድንኳኖች የወሰደው ሌሊት ነበር ይላሉ፤ ራሽን ከታደለ በኋላ ነው የሚሉ አሉ፣ በፊት ነው የሚሉም አሉ። የዚያን ሌሊት ቀን በትክክል የምታስታውሱ፣ ወይም በዚያ ሰሞን የጻፋችሁት ደብዳቤ ያላችሁ፣ እባካችሁ በዚህ እሑድ ብቅ በሉልን። ልጅቷ ቀኗን እየጠበቀች ነው።